ሜዳ ላይ የወሰንነው፣ ዳገት ላይ የተማርነው

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሥራችንና ስለ መጪው ዓመት ዕቅድ እንድንናገር ነበር የተጠየቅነው። እኛ ግን አንድ ቀን ስለ ሄድንበት አንድ መንገድ ብቻ እንድንነግራችሁ ፍቀዱልን። መንገዱ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ሐረር የሚደርሰው ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ በመኪና መስኮት ያውቁታል። እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ የምናውቀው በመስኮት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐረር ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ የጤና ሠራተኞች ብስክሌት ቢኖራቸው ድካማቸው ይቀንሳል ብለን በስብሰባ ወሰንን። ሰባት ብስክሌቶችም ተገዙ። ጠንካሮች ናቸው፤ ብረታቸው ወፍራም ነው፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛ አላቸው፤ ማርሽ ግን የላቸውም። ስብሰባው የተደረገው በድሬዳዋ፣ በከዚራ፣ ዛፍ ጥላውን በጣለበት ቢሮ ውስጥ ነበር። ከዚራ ሜዳ ነው። በምሳ ሰዓት አንዱን ብስክሌት አውጥተን በየተራ ሞከርነው። ሁላችንም ደስ አለን። «ይኸው እንደ ነፋስ ይሄዳል» ተባባልን፤ ገብተንም ፈረምን።

ከመካከላችን ያልፈረመች አንዲት እኅት ነበረች። እርስዋ ራስዋ የጤና ሠራተኛ ስትሆን ከብስክሌቶቹ አንዱ የተገዛው ለእርስዋ ነበር። «ወንድሞቼ፣ ስለ ስጦታው አመሰግናለሁ» አለች፤ «ግን መጀመሪያ እናንተ በዚህ ብስክሌት ደንገጎን ውጡትና ከዚያ በኋላ ስጡኝ።» ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን አፈርን። ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭኖ ማድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እኛ ግን እየነዳን ልናደርሳቸው ቃል ገባን። እርስዋም ሰባተኛ ሆና አብራን ልትመጣ ተስማማች።

ባቡር ያልወጣው ዳገት

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለብስክሌት የሚያስፈራው ርቀቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ነው። ደንገጎ ሲደረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ተወጥቷል። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ከፍ ዝቅ እያለ ሄዶ በ1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ሐረር ይወርዳል።

ድሬዳዋ ራስዋ ከተማ ልትሆን የበቃችው በዚህ ዳገት ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር፤ ሐረር የታወቀች የንግድ ከተማ ናትና። ነገር ግን ሐዲዱን በተራራው ላይ ለማውጣት ወጪው ከባድ ሆነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በቆላው በኩል ወደ አዲስ አበባ አቀና። በግርጌው የተቆረቆረችው ጣቢያ ዛሬ የምናውቃት ድሬዳዋ ናት። እንግዲህ ባቡር የተወውን ዳገት ነበር እኛ ማርሽ በሌለው ብስክሌት ልንወጣ የተነሣነው።

እርግጥ ነው፣ ሰው በእግሩ ሁልጊዜ ይወጣዋል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ብዙ ምእመናን ከድሬዳዋ ተነሥተው ይህንኑ ዳገት በእግራቸው ያዘግማሉ። የአካባቢው እናቶችም አህያቸውን ጭነው በየገበያው ቀን ይወጡታል፣ ይወርዱታል። ከእነርሱ አንዳቸውም ንግግር ሲያደርጉበት አልሰማንም።

ጉዞው

ልንነሣ ያሰብነው ከጧቱ 12 ሰዓት ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፤ በዚያ ተራራ ላይ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ እንደሚመጣ የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም። ነገር ግን ሊሸኙን የመጡ ነበሩ። ጸሎት ተደረገ፤ አጭር ንግግር ተደረገ፤ ከዚያም ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ከከተማ ስንወጣ 3 ሰዓት አልፎ ነበር። የሦስት ሰዓት ደረቅ ሰማይ ያባከንነው በራሳችን ፈቃድ ነው።

ከታች ሙቀቱ ከባድ ነው። ግራርና ቁልቋል፣ አቧራና ድንጋይ። ወጣቶቹ ቀድመው በረሩ። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ስናልፍ ግን ከኮርቻው ላይ ያልወረደ አልነበረም። ማርሽ ያለው ብስክሌት ዳገት ሲመጣ እግር ብዙ ጊዜ እንዲዞር፣ ጎማው ግን ጥቂት እንዲሄድ ያደርጋል፤ አንድን ኩንታል በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ እንደ ማመላለስ ነው። ማርሽ የሌለው ግን ኩንታሉን በአንድ ጊዜ ተሸከም ይላል። ቆመን ረገጥን፤ ክብደታችንን በሙሉ ፔዳሉ ላይ ጣልን፤ ጥቂት ሜትር ሄደን ወረድን። ከዚያም መግፋት ሆነ። ብስክሌት ሲገፋ ደግሞ እንደ እምቢተኛ ጥጃ ነው።

አንዲት እናት በእንጨት የተጫነች አህያዋን እየነዱ አለፉን። ዞር ብለው አዩንና በኦሮምኛ «በርቱ» አሉን። ያዘኑልን ይመስሉ ነበር።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ተለወጠ። ከላይ ጉም ወረደና የምናየውን መንገድ ሁሉ ዋጠው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ በትምህርት ቤት ተምረናል። ያን ቀን ግን በቆዳችን ተማርነው። ከታች በላብ የራሰው ሸሚዛችን ላይ ነፋስ መጣ፤ በነፋሱ ላይ ዝናብ መጣ፤ ዝናቡም ወደ በረዶ ተለወጠ። ከላይ የጫት መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው ይወርዳሉ። ጫት ከጠወለገ ዋጋው ይወድቃልና ሾፌሮቹ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ጡሩምባው ነው፤ ከዚያ መብራቱ ይመጣል፤ ከዚያም የመንገዱን ጠርዝ መፈለግ ነው።

አሁን የምንነግራችሁን መናገር ቀላል አይደለም። በዚያ ሰዓት እያንዳንዳችን ለየራሳችን ሮጥን። አራቱ ቀድመው ደንገጎ ደረሱ፤ ሁለቱ ጥቂት ቆይተው ደረሱ። ከአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለን ተቆጠርን። ስድስት ነን። እኅታችን የለችም። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ጋር ናት ብለን ነበር። የኋለኞቹ ደግሞ ከፊተኞቹ ጋር አልፋለች ብለን ነበር። ስልክዋ እንኳ እንዳይረጥብባት ብለን ከአንዳችን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠንላት ነበር። ስንደውል በገዛ እጃችን ውስጥ ጮኸ።

ጥቂት ጠበቅን፤ አልመጣችም። ሁለታችን ወደ ኋላ በብስክሌት ወረድን። እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት ሠራን። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን ጎማ ነው፤ የሚይዘውም የብረት ቸርኬ ነው። ብረቱ ሲረጥብ ውሃው በጎማውና በቸርኬው መካከል ይገባና ፍሬኑ ይንሸራተታል። ከአንዳችን በታች መንገዱ ሲታጠፍ ብስክሌቱ አልታጠፈም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከገደሉ በፊት የድንጋይ ክምር ነበረ። መዳፉ ተላጠ፤ ጉልበቱ ደማ። ከዚያ በኋላ በእግራችን ሆነ።

ሁለት ጠመዝማዛ ወርደን ብስክሌትዋን አየነው። በእርከኑ ካብ ላይ ተደግፏል። እርስዋን ግን አላየናትም። ስምዋን ጠራን። በጉሙ ውስጥ የሚሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። ያች ጥቂት ደቂቃ ዛሬም ትመለስብናለች።

ከእርከኑ በላይ አንድ ሕፃን ልጅ ተጣራ። ተከትለነው ወጣን።

በማሽላው መካከል ያለች ትንሽ ቤት ናት። እኅታችን ከእሳቱ አጠገብ፣ የሌላ ሰው ደረቅ ልብስ ለብሳ፣ የቤቲቱን እመቤት ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። በእጅዋ ቁጢ ይዛለች፤ ቁጢ በሐረርጌ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ነው። እጆችዋ ፍሬኑን መጨበጥ አቅቷቸው እንደ ነበረ፣ ንግግርዋም መተሳሰር እንደ ጀመረ ነገረችን። «እንቀጠቀጥ ነበር፤ በኋላ መንቀጥቀጡ ሲተወኝ ፈራሁ» አለች። የጤና ሠራተኛ ናትና ትርጉሙን ታውቃለች። ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው፤ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ግን አደጋው ቀርቧል። ማንም ሳይጠራት ልጅዋን ልካ ያስገባቻት ያች እመቤት ናት።

እመቤቲቱ የየትኛው ቤተ እምነት ሰዎች እንደ ሆንን አልጠየቀችንም። እርስዋ እስላም ናት። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኅታችን ተረጎመችልን። «አብራችሁ ወጥታችሁ፣ ሴት ልጅ በዝናብ ውስጥ ትታችሁ የምትሄዱ ምን ዓይነት ወንድሞች ናችሁ?» መልስ አልነበረንም። ለማገዶው እንኳ ብለን ገንዘብ ብንዘረጋ እጃችንን መለሰችው። እኛ ለዚያ አካባቢ ሰው ርዳታ እናደርሳለን ብለን የተነሣን ነበርን። በዚያ ቀን ግን ልብስ የተሰጠን፣ እሳት የነደደልን፣ የጠጣንም እኛ ነን።

ወደ ታች የሚሄደው ውሃ

ዝናቡ ቀለል ሲል ባለቤትዋ ወደ ደጅ አወጡንና ከቤቱ ሥር ያለውን ሸለቆ አሳዩን። ጧት ደረቅ የነበረው ቦይ ቀይ አፈር ተሸክሞ ይጮኻል። «ይህ ወደ ድሬዳዋ ነው» አሉን።

ያን ጊዜ 1998 ዓ.ም. ትዝ አለን። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር መጀመሪያ የሐረር ጀጎል በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በሐረር ደስታ ነበር። በዚያው በሐምሌ ማለቂያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ከእነዚህ ተራሮች የወረደው ደራሽ ጎርፍ በደቻቱ በኩል ድሬዳዋን መታ። ከ200 የሚበልጡ ወገኖች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ቤታቸውን አጡ። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። አደጋውም ይኸው ነው። ከታች ፀሐይ እያለ ውሃው ከላይ ተነሥቷል።

ወዲያው ወደ ድሬዳዋ ደወልን። «እዚህ ፀሐይ ነው» አሉን። «ከአሸዋው ውጡ፣ ልጆቹንም አስወጡ» አልናቸው። የታችኛው ሰው የላይኛውን ሰማይ አያየውም፤ የሚነግረው ያስፈልገዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዳገቱ ላይ ያሉ ሠራተኞቻችን ከባድ ዝናብ ሲያዩ በታች ላሉት እንዲደውሉ ልማድ አድርገናል። ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ነው።

ኋለኛዋ ፊት ስትሆን

ከዚያ ቤት ስንወጣ እኅታችንን ከፊት አደረግናት። ከእርስዋ ማንም እንዳይቀድም ተስማማን። ስትገፋ እንገፋለን፤ ስትቆም እንቆማለን። ቀርፋፋ ጉዞ ይሆናል ብለን ነበር። ይገርማችኋል፣ ከደንገጎ ወዲያ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከጧቱ ሩጫ ይልቅ በሰላም ጨረስነው። የሚጠፋ የለም፤ የሚፈለግ የለም፤ የሚጠበቅም የለም።

ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጣ። ልብሳችን በላያችን ላይ ደረቀ። በሐረማያ በኩል ስናልፍ ስለ ሐይቁ ተነጋገርን። የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረው ውሃ ከዚያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ሐይቁ ደረቀ፤ ከዓመታት በኋላ ነው ውሃው ተመልሶ የታየው። በደረቀ ጊዜ ለሐረር ከድሬ ጃራ፣ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ውሃ በቧንቧ እየተገፋ ይህንኑ ተራራ እንዲወጣ ተደረገ። እንግዲህ ተራራው ሁለቱን ከተሞች አይለያቸውም። የላይኛው ዝናብ ለታችኛው ጎርፍ ይሆናል፤ የታችኛው ጉድጓድ ለላይኛው መጠጥ ይሆናል።

ሐረር ስንደርስ መሽቶ ነበር። በሸዋ በር በኩል ወደ ጀጎል ገባን። ይህ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ውስጡም ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መንገዶች ሞልተውበታል። እዚያም ብስክሌት ይገፋል እንጂ አይነዳም። እየገፋን መኪና ግርግር ደረስን። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መኪናቸውን አቁመው ተቀዳዶ የቀረውን የዝናብ ልብሳችንን አዩ።

«ከየት ነው?»

«ከድሬዳዋ፣ አባባ።»

«በዚህ?» ብስክሌቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ልጆቼ፣ ባቡሩ እንኳ አልሞከረውም።» የዝናብ ልብሱን ግን ሰፉልን።

ምን አደረግን?

ብስክሌትን የምንጠላ አይደለንም። አገራችንም ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ውድድር የሚሰለፍ ሰው ብስክሌቱ ቀላልና ባለ ብዙ ማርሽ ነው፤ ከኋላው መካኒክ፣ መለዋወጫና ምግብ የያዘ መኪና ይከተለዋል። በሐረርጌ ዳገት ላይ ክትባት ይዛ የምትሄደውን እኅት የሚከተላት የለም።

ስለዚህ ከሰባቱ ብስክሌቶች አምስቱን ወደ ድሬዳዋ ቆላ መለስናቸው። የተመለሱትም፣ እውነቱን እንናገር፣ በአይሱዙ ተጭነው ነው። ዛሬ በሜዳው ላይ በሚሠሩ ሰዎች እጅ ናቸው፤ መልካም አገልግሎትም ይሰጣሉ። ሁለቱ በሐረርና በሐረማያ መካከል ባለው ለጥ ባለ መንገድ ለሚሠሩት ቀሩ። ዳገት ለሚወጡት ግን ጠየቅናቸው። አንዳንዶቹ ማርሽ ያለው ብስክሌት አሉ፤ አንዳንዶቹ በቅሎ አሉ፤ እኅታችን ደግሞ ጥሩ ጫማና የዝናብ ልብስ አለች። ጫማ ከብስክሌት እጅግ ይረክሳል። ሳንጠይቃት ግን እንዴት ልናውቅ እንችል ነበር?

በዚህ መንገድ ለምትሄዱ ሠራተኞች ጥቂት ምክር እንተውላችሁ።

አንደኛ፣ በክረምት በጧት ተነሡ። ንግግርና ፎቶግራፍ ስትመለሱም ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ላባችሁ ሳይቀዘቅዝ፣ ዝናቡም ሳይጀምር ልበሱት።

ሦስተኛ፣ ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑን ገና ከሩቅ ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ውሃው ይጠረጋል። በጉም ውስጥ ግን ወርዳችሁ ግፉ። ከብስክሌት መውረድ ውርደት አይደለም።

አራተኛ፣ እጅግ የሚደክመው ሰው ከፊት ይሁን፤ የሁሉም ፍጥነት የእርሱ ፍጥነት ይሁን። «ሌላው አብሮት አለ» ብላችሁ አትመኑ፤ ቁጠሩ።

አምስተኛ፣ ይህ በቢሮ ላለን ለእኛ ነው። ለዳገት የምንወስነውን ዳገቱ ላይ ሄደን እንወስን። ያ ባይቻል፣ በየቀኑ የሚወጣውን ሰው ሳንጠይቅ አንፈርም።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ብስክሌቶቹ የተገዙት እናንተ ባዋጣችሁት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስሕተታችንን ከእኛ ከራሳችን ልትሰሙ ይገባችኋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በመኪና ስናልፍ ደንገጎ ዳገት ላይ ቆመን ወደዚያች ቤት ወጣን። የተዋስነውን ልብስ አጥበን፣ ከጥቂት ስኳርና ቡና ጋር ይዘን ነበር። እመቤቲቱ ልብሱን ተቀበለች። ቡናውን ግን ለብቻዋ አልወሰደችውም። እሳቱን አንድዳ ቆላችው፤ እኛም ተቀምጠን ጠጣን። ስንወጣ እኅታችንን ከፊት አድርገን እንደ ሆነ በሩ ላይ ቆማ ተመለከተች።